ተራ

አስራ አንድ ተኩል ላይ ቀበሌው ሲዘጋ፣
ዘበኛው ሙሄ ነው የሚቀር ከእኔ ጋ።
ማኅተሙን ቆልፌ ኮምፒውተሩ ሲበራ
ንጉሥ እሆናለሁ፣ እስኪያልፍ የኔ ተራ።

ውጭ ጦሳ በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ደሴ አትታይም።
እዚህ ስድስት ከተማ አለኝ፣
ለፖሊሲ ሦስት ክፍት ቦታ፣
አንዱን ሳስገባ አንዱን የምሽርበት።

ግብር ልጨምር? ወርቁ ይሞላል፣ ሕዝቡ ያኮርፋል።
ክተት ልጥራ? ድንበሩ ይሰፋል፣ ማሳው ጦም ያድራል።
ሙሄ ከኋላዬ ዱላውን ተደግፎ
"ጎተራውን" ይላል። "ሌላው ይደርሳል።"
"ግንብ ሳይኖረኝስ ፈረሰኛ ቢመጣ?"
"የጠገበ ሰው ነው ግንብ። ጎተራውን አምጣ።"

ሰማሁት።
መቶ አርባኛው ዙር ላይ
በሰሜን በር ገብተው አቃጠሉን።
ሙሄ ዝም አለ። ቆይቶ፣
"ግን ሳይርባቸው ነው የሞቱ" አለኝ።

ሲነጋ መስኮቱ ጋ እትዬ አረቡ፣
ከሮቢት ሽቅብ፣ ለአንዲት የድጋፍ ደብዳቤ፣
ስምንተኛ ጊዜዋ።
ማታ እኮ እኔ ካልወሰንኩ
ጠላትም ዝናብም ቆሞ ይጠብቀኛል።
ቀን ግን ኃላፊው ስብሰባ ነው፤
እኔ አልፈርምም፤ ዓመቱ ያልፋል።

"ተራዬ አልደረሰም?"
"ነገ ይመለሱ።"
ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፦
ማንም ያላወጀው፣ ሰሌዳ ላይ ያልተለጠፈ፣
እኔው ያስገባሁት፣ ስንት ዓመት ያልሻርኩት
አንድ ፖሊሲ።

ሙሄ ፈረቃውን ጨርሶ ሲወጣ
በሩን ያዘላት።
ወደ እኔ ዞሮ አላየም።