ጠጋ ጠጋ

ሐምሌ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።
አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ግቢ፣ ሁለተኛው ፎቅ።
ሦስት ቀን የፈጀ ስሌት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው
መብራት ሄደ።
አርባ በአርባ ፍርግርግ፣ ሺህ ስድስት መቶ ጉድጓድ፣
ጥልቀታቸው በዕጣ የወጣ፣ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰል፣
በውስጣቸው የሚገፋፉ ስም የለሽ ቦዞኖች፣
ሁሉም ባንድ ጊዜ ድርግም።
ዶክተር ሙሉሸዋ በር ላይ ቆመው
«አስቀምጠኸው ነበር?» አሉኝ።
«እስከ ትናንት ማታ ያለውን።»
«እንግዲያው ዛሬን አልኖርክም» ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

ታክሲ ገባሁ። ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ።
ባንድ ወንበር አንድ ሰው፣ ላንድ ሰው አንድ ወንበር፣
ዘሎ ጎረቤት ጭን ላይ መቀመጥ ትልቅ ነውር፣
ተራው የተጠበቀ፣ ልኩ የታወቀ እስር።
ይህን ምዕራፍ አውቀዋለሁ፤
ብትገፋው አይገፋ፣ ብትጨምርበት አይቀበል፣
ሁሉም በየጉድጓዱ ከቶ፣ ዝምታው ሰላም ይመስል።

ሌላውንም አውቀዋለሁ።
ልጅ ሆኜ፣ ስታዲየም፣ ጨዋታ አልቆ በሩ ሲከፈት፣
ሕዝቡ እንደ አንድ አካል ሲፈስ፣ ጫማዬ መሬት ሳይነካ፣
የትኛው ክንድ የኔ፣ የትኛው ጩኸት የሌላ፣ ማን ይለካ?
አንድ ቦታ አልነበርኩም፤ ሁሉም ቦታ ጥቂት ጥቂት ነበርኩ።
ለገሃር ስደርስ ብቻ ተመልሼ ሰው ሆንኩ፣
አንድ ጫማ ጎድሎኝ።

ሦስተኛው ነው ያስቸገረኝ።
አራት ዓመት የጻፍኩለት፣ ያልጨረስኩት።

ራስ መኮንን ድልድይ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆመ።
ፊታችን ጥርስ እንዳወለቀ ድድ የተቆፈረ መንገድ፣
በስተግራ የቆርቆሮ አጥር፣ በስተቀኝ የአሸዋ ክምር፣
አንዱ ጋ ዝቅ፣ አንዱ ጋ ከፍ፤ ማንም ያላቀደው።
ረዳቱ ታረቀኝ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ
«አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው!»
አንድ ሰው ገባ።
«ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሌላ ገባች፣ የኬክ ካርቶን የታቀፈች።
ደግሞ ሌላ፣ ከነእርጥብ ኮቱ።
አንዲት ስንዝር አልሄድንም።
«ምን ያጠጋጋናል፣ ለቆመ መኪና!» አሉ ፊት የተቀመጡት ሴትዮ።
ታረቀኝ አልተቆጣም።
«እናቴ፣ ቦታማ ሞልቷል፤ መንገዱ ነው የጠፋው።»

ደብተሬን ፈለግሁ፤ ርሷል።
አራት ዓመት በቀመር ስዞረው የከረምኩትን
ልጁ ባንድ እግሩ ደረጃው ላይ ቆሞ ተናገረው፦
ይጨመራል፤ አይሻገርም።
እንደ በረዶ የማይደነድን፣ እንደ ወንዝ የማይሄድ፣
ይህ ነው ብርጭቆ የምንለው፣ ሰፊ ሆኖ የሚያስርህ ጉድ።

መስኮቱን ጠረግሁ። ውጭ ኩሬዎች።
በየኩሬው ውኃው ነጻ ነው፤ ቆርኪ ያሽከረክራል፣
ሰማይ ይሸከማል፣ ዳር እስከ ዳር ይሮጣል፣
ከዚያ የጭቃ ግንብ። ከግንቡ ወዲያ ሌላ ባሕር፣
ይህኛውን የማያውቅ።
ዝናቡ ይጨምራል። ኩሬው ይወፍራል። አንዱ ሌላውን ሊስም
የጣት ስፋት ቀርቶታል።
የቷ ጠብታ ናት? ይህ ነበር የመመረቂያ ጥያቄዬ፦
ከፒያሳ እስከ ድልድዩ ውኃው ባንድ ትንፋሽ እንዲሻገር
የምታደርገው፣ ከሌሎቹ በምንም የማትለይ፣ ያቺ አንዷ ጠብታ።

ሴትየዋ «በቃኝ፣ በእግሬ» አሉ።
ታረቀኝ ቀድሞ ወረደ፤ መርገጫ ሊያበጅላቸው
በተረከዙ ጭቃውን ጫር አደረገው።
ቆርኪው ተንቀጠቀጠ፣ ተጠማዘዘ፣ አለፈ፤
ሁለተኛውን ኩሬ፣ ሦስተኛውን አስከትሎ
ወደ ወንዙ ተንደረደረ።
እኛ እዚያው ነን።

«ሂሳብ!» አለ ተመልሶ፣ እጁ ጭቃ።
መቶ ብር ሰጠሁት።
«መልስ?» አልኩት።
«ዝርዝር የለኝም፤ ጠብቅ።»
ጠጋ ብዬ እየጠበቅሁ ነው።