የምስማሯ ቧንቧ

ቧንቧ ውሃ ስሙ፣ የምንኖርበት ሰፈር፣
ውሃው የሚመጣው ማክሰኞ ሌት ነበር።
ያውም ከመጣ ነው፤ ያውም ካልዘነጋ፤
ባልዲ ከባልዲ ሲጋጭ፣ ሌሊቱ ሲነጋ።

አርባ ሦስት ሕፃናት፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣
ከጦሳ ወርዶ ጉም፣ መስኮቱን ሲከልል።
ቢጫ ጀሪካን ገዛሁ፣ ከሰኞ ገበያ፣
በጋለ ምስማር በስቼው፣ ሆነ መታጠቢያ።
ምስማሩ ሲነቀል፣ ውሃው እንደ ክር ቀጥ፣
ምስማሩ ሲመለስ፣
ጸጥ።

ምስማር መንቀል ሹመት፣ ለተረኛ ይሰጣል፤
ሰኞ የተሾመው፣ ማክሰኞ ይሻራል፤
የተሻረው ደግሞ፣ ጥግ ይዞ ያኮርፋል።
ሳሙናዋን በካልሲ፣ ቋጥሬ ሰቀልኋት፣
አፈር እንዳይበላት፣ ዶሮ እንዳይነካት።

መዳፍ ለመዳፍ አሹ፤ የጣት መሀል፤ ጥፍር፤
"ማነው የተረሳ?" እላለሁ ስቆጥር።
ትንሿ ታጠበች፣ ሌባ ጣትም ጸዳ፣
አውራ ጣት ብቻውን፣ ተረስቷል በሜዳ።
ነገሩ እንዲህ ነው፤ አውራ ያልነው ሁሉ
እጥበት ሲመጣ፣ ይታለፋል አሉ።

መፋቂያም አለን፤ የወይራ ነው እንጨቱ፤
መጀመሪያ ጎራዴ፣ ኋላ ነው ለጥርሱ።

ጧት ጧት እንሮጣለን፤ ብርዱ ጥርስ ያንጫጫል፤
ግቢያችን ዳገት ነው፤ ሜዳ ከየት ይመጣል?
ኳስ የለጉ እንደሆን፣ ቁልቁል ወደ ገደል፣
እሷን ፍለጋ ነው፣ ስፖርቱ በትክክል።
እንደ ጦጣ ዘለልን፣ እንደ ዔሊ ዳኽን፣
እኔ ድንጋይ ይዤ፣ ስስብ ትንፋሼን፣
"እትዬ፣ ደከመሽ?" አለኝ አሊ ቀርቦ፣
ጉንጩ በርበሬ መስሎ፣ አፍንጫው አንጠብጥቦ።
"መሀረብ!" አልሁት፤ እሺ ብሎ ጠርጎ፣
መሀረቡ በኪስ፣ እጅጌውን አድርጎ።

ከዚያ ሳሙናዪቱ፣ መጉደል ጀመረች፤
ትናንት ግማሽ ነበረች፣ ዛሬ ሩብ አከለች።
ምላጭ የገባበት፣ ቀጥ ያለ ነው ጠርዟ፤
አይጥማ ብትሆን፣ ይለያል አያያዟ።

ዓርብ ለት ኪስ ፈተሽሁ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል፤
የአምስት ዓመት ልጅ ኪስ መፈተሽ ምን ይሉታል?
ከጦይባ ኪስ ወጣች፣ በወረቀት ታስራ፤
"ወላሂ አልሰረቅሁም" አለችኝ ሳትፈራ።
"አባዬ ጋራዥ ነው፤ እጁ ግሪስ ጠጥቷል፤
በናፍጣ ይታጠባል፤ እራቱ ናፍጣ ይሸታል።
እኔ ነኝ ያጠብሁት፤ ሲስቅ፤ አንድ ባንድ፤
አውራ ጣቱን ረስቶት፣ 'አምጣው' አልሁት በግድ።"

ምን ልበል? ቁጣዬን የት አባቴ ላግባው?
ቀስሬ ነበረ ሌባ ጣቴን፤
አጠፍሁት ወዲያው።

ሰኞ መጣ ሰውየው፣ ከበሩ ላይ ቆመ፤
እጁን ለሰላምታ ሳይሰጥ፣ አንገቱን አዘመመ።
በጋሪ ያመጣው በርሜል፣ ቧንቧ ተበይዶበት፣
"አብሽሪ፣ ምስማር ቀረ!" አለኝ በኩራት።
ልጆቹ ከበቡት፤ ከፈቱት፤ ዘጉት፤
ከዚያም "ምስማሩስ?" አሉ፤
ሹመት አጡበት።

እኔም አልጣልኋትም። ማክሰኞ ሲዘነጋ፣ በርሜሉ ሲጮኽ ባዶ፣
ያችው ቢጫ አለች፣ ከጎረቤት ውሃ በጣሳ ተወስዶ።

ትናንት በዕረፍት ሰዓት፣ ጠመኔ እጄን ሞልቶት፣
ዳቦዬን ቆርሼ፣ ልጎርሰው ስል ድንገት፣
ጦይባ ፊቴ ቆማ፣ ምስማሩን እንደያዘች፣
ሳቅ የላት፣ ቁጣ የላት፤
"አውራ ጣትሽስ?" አለች።