አመድ አፋሾች

መስኮቴን ስከፍተው፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ከፀሐይ ቀድሞ ነው፣ ከባሕሩ አልጋ
ቀና ብሎ እሚያየኝ፣ ትከሻው ሰፊ፣
ሦስት ራስ ያበቀለ፣ በደቡቡ አንኮራፊ።

ሳኩራጂማ ይሉታል፤ የአበባ ደሴት ማለት ነው።
ስምን መልአክ ያወጣል ከተባለ፣ የዚህን ያወጣው
ከሩቅ ያየው መልአክ ነው፤ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ
አመዶ ይለው ነበር፣ እየሳለ በደረቀ ጉሮሮ።

እኛ ካጎሺማዎች በሱ ነፋስ ነው የምንተዳደር፤
የአየር ትንበያው ሲነገር፣ ከዝናቡ ወሬ በኋላ
«አመዱ ዛሬ ወደ ምዕራብ» ከተባለ፣
በጠራራ ፀሐይ ይዘረጋል ጃንጥላ፤
ከገመድ ይለቀማል ልብስ፣ ይዘጋል መስኮትና በር።

እናቴ ግን፣ ኪኑዮ፣ በሰማንያ ሁለት ዓመቷ፣
ማዶ፣ ከራሱ ከተራራው ሥር ነው ቤቷ።
አመዱን እንደ አዝመራ ሰብስባ፣ ቢጫ ከረጢት ሞልታ፣
መንገድ ዳር ትደረድረዋለች፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ አስገብታ።
መኪና መጥቶ ይወስደዋል። በነጋው ደግሞ ያው ነው።
«አመድ አፋሽ ሆነሽ ቀረሽ» ስላት፣ ሳቋ የሚመጣው
ከሆዷ ነው። ከጓሮ ትመለሳለች
ዳይኮን የሚሉትን ነጭ ሥር እንደ ሕፃን ታቅፋ፤
ሃያ ኪሎ! አመድ ጠጥቶ የፋፋ።
በኪሷ ደግሞ መንደሪን፣ ከሎሚ እንኳ የማይበልጥ፣
በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ፣ ማር የሚያስንቅ ሲላጥ።
አመድ በዱቄት ይስቃል ይባላል፤ እዚህስ አልሳቀም፣
ዱቄት ሆኖ ነው ያሳደገን፤ ይህን የማዶ ሰው አያውቅም።

አባቴ ያረፈበት ሰፈር ጣራ አለው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ
በአራት ቋሚ ቆርቆሮ ለብሷል፣ አመድ እንዳይወርድበት ከላይ።
አበባው ግን ይጠወልጋል፣ በየጠዋቱ ይለወጣል።
«በቁሙ አንድ አበባ አልሰጠኝም» ትላለች፣
«አሁን ግን ከኔ ይቀበላል።»

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አንድ ድንጋይ አለ፣ ልጅ ሆኜ የተደገፍኩት፣
ትልልቆቹ «አንብቢ» ሲሉኝ እየተንተባተብኩ ያነበብኩት።
ከመቶ ዓመት በፊት፣ በጥር፣ በዚያ ብርዱ፣
ቅድመ አያቴ ቶዮማሱ የውሃ ጉድጓዱ ሲፈላ አየ፣
እባቦች ከክረምት እንቅልፋቸው ነቅተው ሲሰደዱ።
መንደሩ አዋቂዎችን ጠየቀ።
«አይፈነዳም» አሉ፣ «መሣሪያው አላሳየም።»
ያልተማረው ጀልባ ያዘ። የተማረው መሣሪያውን አምኖ ቀረ፤
በጥር ባሕር ዋኝቶ ዳር ያልደረሰውን ማን ቆጠረ?
ድንጋዩ ይህን ነው የሚለው፦ ምልክቱን ካየህ አዋቂ አትጠብቅ፤
ጉድጓድህ ሲፈላ እግርህን እመን፣ ራቅ።

ከዚያ ነው ተራራው፣ ሳምንታት ሙሉ ቀልጦ ፈስሶ፣
በምሥራቅ ባሕሩን ደፍኖ የኦሱሚን ምድር የነካው፣
በእሳት ክንዱ ተንተርሶ።
ደሴት ነበር፤ አሁን አይደለም። ብቻውን መኖር የታከተው፣
እጁን ሰደደ መሰለኝ፤ የነካውን ግን አቃጠለው።
እሳት አመድ ወለደ ይላሉ፤ ይሄኛው መንገድ ወልዷል፤
ዛሬ አውቶቡስ ያልፍበታል፣ ጥቁር ድንጋዩ ላይ ጥድ በቅሏል።

ባለፈው ነሐሴ፣ «ነይ፣ ከኔ ጋር ኑሪ» ልላት ሄድኩ፤
ክፍሉን ቀለም አስቀብቼ፣ አልጋውን አንጥፌ ነው የተነሣሁ።
በጀልባ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤
ሦስት ጊዜ ለራሴ ተናግሬ አጠናሁ።
አፌን ሳልከፍት መጥረጊያ ሰጠችኝ።
ጣራውን ጠረግን፣ ደጁን፣ ቦዩን፣ የጎረቤቱን ደጅ ሳይቀር፤
እስኪመሽ ምንም አልተባባልንም፣ «እዚህ ጋ ቀርቷል» ከማለት በስተቀር።
በመጨረሻው ጀልባ ተመለስኩ።
ጫማዬ ውስጥ አመድ ነበር።

እንግዳ ሰው ሲያጉረመርም ይደነግጣል፤
እኔ ጭሱን ሳይ እረጋጋለሁ፣
ተነፈሰ፣ ብዬ ሻዬን አፈላለሁ።
ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ነው፣ አናቱ ላይ ምንም ሳይታይ፣
እጄ ወደ ስልኩ የሚሄደው።
ሁለት ጊዜ ይጠራል። ሦስት። ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ከዚያም
«ምነው? እየጠረግኩ እኮ ነው።»
«እማዬ፣ ዛሬ እኮ አመድ የለም!»

«የትናንቱን» ትለኛለች።