ከስድስት እስከ አሥር ዝግ ነው

ከዚራ ነው ቤቱ፣ ከሐዲዱ ወዲህ፣ ሁለት ቅያስ ገባ፣
ደጁ ላይ አንድ ኒም፣ ጠዋት የጠረግኩትን ማታ የሚያለብስ በአበባ።
ቁልፉ እኔ ጋር ነው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስንት ሱሪ ኪስ እየቀደደ፣
ከኔ ጋር ጁምዓ ወረደ፣
ከኔ ጋር ሠርግ፣ ከኔ ጋር ለቅሶ ሄደ።

ካንታቤን ናት የሰጠችኝ፤ ሻንጣዋ ጋሪ ላይ፣ ባቡሩ እየጠራት፣
አማርኛዋ የተሰባበረ፣ የጉጅራት ስኳር ያለበት፦
«አብዶሽ፣ መብራቱን በቅቤ፣ ደወሉን ሦስቴ፣ ጫማ ከደጅ፤
ስድስት ሰዓት ሲል መጋረጃውን ዝጋ፣ እሱም ይተኛል እንጂ!»

ሳቅኩኝ። የድሬ ልጅ አይደለሁ?
በስድስት ሰዓት ማን ነቅቶ ያውቃል፣ በዚህ ሙቀት?
ሱቁ መዝጊያውን ያወርዳል፣ ፍየሏ ትዘረጋለች ጥላ ካገኘችበት።
የነሱ አምላክ፣ አልኩ በልቤ፣ ያገራችን ሰው ነው፣
ፀሐያችን የገባው።

ዘንድሮ ከቢሮ አንድ ልጅ መጣ፣ ገረሱ፣ ትሑት፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣
እጁ ላይ የትኬት ጥራዝ፣ ቢጫ፣ ገና ያልተቆረሰ።
«ቅርስ እኮ ነው አባባ፣ ይጎብኝ፣ ጣሪያውም ይጠገናል» አለኝ፤
እውነቱን ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ነው የሚያሯሩጠኝ።
ግን እንግዶቹ ከሐረር የሚደርሱት ልክ በስድስት ነው፤
«ለነሱ ይከፈት» ነው የሚለው።
አቦ፣ አልኩት፣ ቆይ እስኪ።

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ አሥራ አንድ ሆነው መጡ።
መምህር ራጋቫን፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ወለሉ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣
አንዷ ስልኳን አገጩ ሥር፣ ቡት ጫማዋ ምንጣፉ ላይ ሲደርስ...
አልተቆጣሁም።
እኔም ልጅ ሳለሁ በዚያ መስኮት አጮልቄያለሁ፤
ካንታቤን ያቺን ትንሽ ምስል በወተት ስታጥብ፣ እንደ ሕፃን ስታባብል፤
ለመሳቅ ነበር የሄድኩት። ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፣ አልወጣም አልወርድም ሲል።

ማየት አይደለም ጥፋቱ።
የሚጸልይን ሰው እንደ ዕቃ መዞር ነው፣ በጎኑ፣ በፊቱ።

ቆርቆሮ ገዛሁ፣ ቀለም ተበደርኩ፣ በማላምርበት እጄ ጻፍኩ፦
«ጫማ እዚህ። ስልክ ከረጢት ውስጥ።
የሚጸልይ ካለ ጠብቁ፤ ኒሙ ጥላ አለው።
ከስድስት እስከ አሥር ዝግ ነው።»
ገረሱ አነበበ፣ ራሱን አከከ፤ «ሪፖርቱ ላይ ምክንያቱን ምን ልበል?» ሲለኝ
«ባለቤቱ ተኝቷል በል» አልኩት።
ሳቀ። የጻፈው መሰለኝ።

ዛሬ ዙህር ሳይጠራ መጋረጃውን ዘረጋሁ፣
መብራቱ ላይ ቅቤ ጨመርኩ፣ ፊቴን ወደ ቂብላዬ ላዞር ወጣሁ።
ኒሙ ሥር አንዲት ጎብኚ፣ በስድስት ደርሳ፣ ቆርቆሮውን አንብባ፣
ጫማዋን እንዳወለቀች ተኝታለች፤
ፀጉሯ ላይ አበባ ይረግፋል።
ቁልፌ እንዳይንኳኳ በመዳፌ ጨብጬ
በጫፍ ጣቴ አለፍኳት።