መብራት የጠፋባት

ሥራዬ መክፈት ነው። ከዚራ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣
ጀርባውን ፈትቼ፣ አቧራ እፍ ብዬ፣ የቴሌቪዥን ሆድ ስመረምር
ሃያ ሁለት ዓመት። ያገኘሁት ቢኖር
የተቃጠለ ሽቦ፣ የሸረሪት ድር፣
አንዴ ደግሞ፣ በሙቀቱ ደርቃ፣ አንዲት እንሽላሊት፤
ተዋናይ አላየሁም ውስጡ ተቀምጦ፣ አንድም ሌሊት።
እና ዛሬ እኔው ነኝ ለተዘጋ በር የምሟገት።
ይሁን።

ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ ማታ፣ ሦስት ሰዓት ሲል፣
ድሬ ላቧን ጠርጋ በየስክሪኑ ፊት ስትኮለኮል፣
የምናየው አንድ ቤት ነው፤ ባለቤቱ የሞተ፣ የታሸገ ክፍል፣
ማታ ማታ ግን በመስኮቱ መብራት ቦግ የሚል።
ማነው የሚያበራው?
በዚህ ጥያቄ ስንቱ ባልና ሚስት ተኳረፈ፣
ስንቱ ባጃጅ ነጂ ሲከራከር መታጠፊያውን አለፈ።
ሊበን «ሟቹ ነው» ይላል፣ መሪውን ለቆ በሁለት እጁ ሲያስረዳ፤
ጡረተኛው አቶ መንክር «ሚስቱ ናት፣ አለባት ያልከፈለችው ዕዳ»።
ረምላ ግን፣ ቀፊራ ሎሚና ዝንጅብል የምትሸጥ ሴት፣
«ቤቱ ራሱ ነው» አለች፣ «ሰው የራበው ቤት፣
ራሱን የሚያበራ፣ ምናልባት አንድ ሰው ቢመጣለት።»
ሳቅንባት።
ማታ ግን መብራቴን ሳጠፋ ይቅርታ ጠየቅሁት የኔን ቤት።

የመጨረሻው ሐሙስ መጣ። መንገዱ ጭር፣ ውሻ እንኳ የለ።
አንድ መርማሪ፣ ከረባት ያሰረ፣ ሰሌዳ ፊት ቆመና «እንግዲህ» አለ።
አርባ ደቂቃ አስረዳን።
መብራቱ፦ ሰዓት የተሞላለት ማብሪያ፣ ከዱባይ የመጣ።
ደጃፉ ላይ ያለው ጫማ፦ የወንድምየው፣ በስህተት የወጣ።
ሌሊት የሚሰማው ሳል፦ የዛገ ቧንቧ።
የሚስትየው ለቅሶ፦ ለውርስ ነው፤ ይኸው ሰነዱ፣ ይኸው ዋጋው፣ ስንት ብር እንዳወጣ ዕንባዋ።
ቋጠሮውን ሁሉ ፈታ፣ ጥላውን ሁሉ በባትሪ አበራ፣
መልሱን እንደሸመደደ ተማሪ፣ አንድም ሳይስት፣ አንድም ሳይፈራ።
ሁሉም ልክ ነበር። ሁሉም ተደመረ።
ሲያልቅ ግን ማንም አልተናገረ።
ሊበን ቁልፉን አነሳ፣ «በቃ?» አለ፣
አቶ መንክር መነጽሩን ይጠርጋል፣ ያልቆሸሸውን፣ እየደጋገመ።

በነጋታው ረምላ ሱቄ በር ላይ ቆመች።
ገንደ ቆሬ መብራት ጠፍቶ አመለጣት፤ «ልክ <እንግዲህ> ሲል!» አለች።
«በአላህ ንገረኝ፣ ማን ነበር?»
ዓይኗ ውስጥ ያ መስኮት እንደበራ ነበር።

ደቻቱን አሰብኩ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ ግመል የሚተኛበት፤
አንድ ሌሊት፣ እዚህ ጠብ ሳይል፣ ኮከቡ ሁሉ ወጥቶ፣
ከሩቅ ያጉረመርማል።
«ደጋው ዘንቦ ነው» ይላሉ የሚያውቁ። እውነታቸውን ነው።
ግን ያንን ድምፅ ጨለማ ውስጥ የሰማ
«ደጋው ዘንቦ ነው» ብሎ ጎኑን አይቀይርም።

እጄ ላይ ካቻቪቴ አለ፣ ፊቴ ግማሹ የተፈታ ሣጥን።
«እኛም ሰፈር ጠፋ» አልኳት።
ልክ እዚያው ላይ?
ልክ እዚያው ላይ።

ሳቀች። «እንግዲያማ ቤቱ ነው!» ብላ ሎሚዋን ተሸክማ ሄደች፤
አንዷ ሎሚ ወደቀች፣ ደረጃው ሥር ተንከባለለች።
ሣጥኑን መልሼ ገጠምኩት፣ አንድ ብሎን ተረፈኝ፤ የየት እንደሆነ አላውቅም።
የዚያን ዕለት ማታ ሱቄን ስዘጋ መብራቱን ሳላጠፋ ወጣሁ።
ለማን ብለህ አትበሉኝ።