ሦስት ጥማድ መረሬ

ሚያዝያ ነው፤ ምድሩ አፉን ከፍቶ ያዛጋል፣
ጣቴን ብሰድበት እስከ አንጓው ይገባል።
«ይኸ ነው» አለኝ ደላላው ጥላዬ፣
የኮቱን አቧራ ሲያራግፍ ከኋላዬ፤
«ሦስት ጥማድ መረሬ፣ ድንጋይ የሌለበት፣
ስንዴ ቢሉት ስንዴ፣ ምስር የሚያምርበት።
ብቻ አደራህን፣ ካፍህ እንዳይወጣ
‹ግዢ› የሚሉት ቃል፤ ነገር እንዳናመጣ።
‹ኪራይ› በል። ‹አምስት ዓመት› በል።»

አውቃለሁ። መሬት አይሸጥም።
ሰው ግን ይሸጣል፦
እኔ ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በክር እየተለካ፣
ሌሊቴን ሸጫለሁ፤
የሰው ጎን ሲሞቅ የኔው እየበረደ፣
ደመወዝ እየመጣ፣ ደመወዝ እየሄደ።
ከትራሴ ሥር ግን አንድ ሐሳብ አደረ፦
በረቱን ተጠግቶ ክምር የተከመረ፣
እህሉ ለጎታ፣ ገለባው ለበሬ፣
የበሬው ጉልበት መልሶ ለመረሬ፤
አንዱ አንዱን ሲያበላ እንደ ጥሩ ጓደኛ፣
እኔም ሲመሽልኝ እንደ ሰው ስተኛ።

ወይዘሮ ስንቅነሽ ወሰኑ ላይ ቆመዋል።
ደላላው ያወራል፦ ስለ እነዋሪ ገበያ፣
የጅሩ ሰንጋ ከመኪና ሳይወርድ እንደሚሸጥ፣
ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ወረፋው፣ ስለ መንገዱ።
አይሰሙትም። ጎንበስ ብለው ጓል አነሱ፣
መዳፌ ላይ አኖሩት።
«ፈርክሰው» አሉኝ። አልፈረከስም አለኝ።
«አየህ፤ ዛሬ ድንጋይ ነው። ነሐሴ ላይ ሊጥ ነው።
አፈር ላርስ ብለህ ከሆነ የመጣኸው ተመለስ፤
እዚህ የሚታረሰው ውሃው ነው።»

«በሬህስ የት ያድራል?» ብለው ጠየቁኝ፣
«ከታች፣ ጨፌው ዳር» ስላቸው ሳቁብኝ።
«ጨፌው ለሣር ነው፤ ሰኮናው ይበሰብሳል።
በሬ ከፍ ካለበት፣ ከደረቁ ያድራል፣
ገለባው ለነፋስ ጀርባውን ያዞራል፤
ይኸን ያላወቀ በጥቅምት ያለቅሳል።»

የቀበሌው ቢሮ፣ አግዳሚው ጠባብ ነው፣
ጸሐፊው መኩሪያው ውሉን ሲያነበንበው፣
አረንጓዴው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ፦
በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣
በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ጨፌ።
«የጓያው ገለባ ለላሜ ይሁን» አሉ፤ «እሱንም ጻፈው።»
ጸሐፊው ፎርሙን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ።
«እማማ፣ ቦታ የለውም።»
«ለገለባ?»
«ለገለባ።»
«ለውሃውስ?»
ዝም አለ።
ብሩን ቆጠርን፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ።
ቀለም የነካ አውራ ጣታቸውን በግድግዳው ጠረጉ።
ውጭ ወጥተን መዳፍ ለመዳፍ ተማታን፤
ገለባው እዚያ ተጻፈ።

የዚያኑ ቀን ማታ፣ በደረቁ መሬት፣
የውሃ መንገድ አሳዩኝ፣ ጠብታ በሌለበት።
«እዚህ ጋ ይተኛል፣ እዚህ ጋ ይዞራል፣
ይቺን ጎድጓዳ ብትረሳ ምስርህን ይበላል።
ሟቹ በሞፈሩ፣ እኔ ደግሞ በጥፍሬ፣
ሠላሳ ክረምት አበጥረናል ይኸን መረሬ።»
ዱላቸው ምድሩ ላይ መስመር ጣለ።
እኔ እንደ ዳዊት ቃል በቃል ያዝኩት፤
ወይም የያዝኩት መሰለኝ።

ነሐሴ። ሌሊቱን ሙሉ ወረደ።
ጎሕ ሳይቀድ አካፋ ይዤ ብወጣ
ቀድመውኛል።
ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ፣ ሁለት እጃቸው
መደብ ሲያነሣ፣ ቦይ ሲጠርግ።
«እማማ፣ ኪራዩን እኮ ከፍያለሁ» አልኩ፣ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ።
ቀና አላሉም።
«መሬቱን ተከራይተሃል፤ ውሃው ግን የሚያውቀው እኔን ነው።
ና፣ ከዚያኛው ጫፍ ጀምር።»

አካፋውን ተከልኩት። ቦቲዬን አወለቅኩ።
ከፍ ካለው ላይ፣ ከደረቁ፣
በሬዎቹ ያመሰኳሉ።