ጥርስሽን አበድሪኝ

ባሕሩ ድሮ ድሮ ደጃፉ ላይ ነበር፤
አፈር ሞልተውበት ዛሬ ሆኗል ሰፈር።
ሙሐረቅ፣ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ፣ በጠባቡ መንገድ፣
ቡ ሻሂን በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀመጣል፣
ማዕበል ይመጣ ይመስል እንደ ዘመድ።

ዓይኑ ሞራ ለብሷል፣ ካፉ ጥርስ አልቋል፤
ሰባ ዓመት ሉል የመዘነ ጣቱ ብቻ ያውቃል።

እኔ የመጣሁት ልደግፈው ነው፣ መድኃኒት ላቀብል፤
ወር ሳይሞላኝ፣ ከቀይ ጨርቅ ፈትቶ አንድ እፍኝ ሉል፣
"ጥርስሽን አበድሪኝ" አለኝ እየሳቀ።
ዕድሜ ነው ብዬ ልቤ ተሳቀቀ።

"በፊት ጥርስሽ ጫፍ ላይ ቀስ አድርገሽ አሺው፤
እንደ ለውዝ ግን፣ አደራ፣ አትንከሺው።
ደቃቅ አሸዋ ነገር ከነካሽ፣ ከሻከረ፣
ባሕር የወለደው ነው፣ ሥጋ ውስጥ የኖረ።
እንደ መስታወት ሙልጭ ብሎ ከተንሸራተተ፣
ሰው የቀባው ዶቃ ነው፤ ሻጩ ዋሸ፣ ገዢው ሞተ።"

አሸሁት። ሻከረኝ። ደሞ ሌላ። ሻከረኝ።
ከጥርሴ እስከ ጆሮዬ አንዳች ነገር ነገረኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ በረከተ፤ ደመወዜ ግን ያው።
ጎረቤቶች "የቡ ሻሂን ጥርስ የታለች?" እያሉ መጡ፤
ስሜ እሱ ሆነ፣ ቀረ ሌላው።
አንዷ ሙሽራ ግን፣ ውሸት ነው ብዬ ብነግራት፣
ጥርሴን ረገመችው፤ አማቷ ነበረች የሰጠቻት።

"ጥርስ ብቻ አይበቃም" ይለኛል፤ "ሐሰቱ ቶሎ ይሞቃል፤
ቀዳዳውን ዳብሺው፣ ቀለም ከሆነ አፉ ላይ ይላቀቃል።
ሁሉ አንድ ልክ፣ አንድ ክብ ከሆነ ተጠራጠሪ፤
መንታ እንኳ ይለያያል፣ የወለደችን ጠይቂ፣ መርምሪ።"

ስለ አያያዙ ሲያወራ፣ ስለ በሽተኛ ያወራ ይመስላል፦
"ሽቶ ያቃጥለዋል፣ ሎሚ ይበላዋል፣ ላብ ያጠወልገዋል።
ስትወጪ መጨረሻ አጥልቂው፣ ስትገቢ መጀመሪያ አውልቂው፤
ረጠብ ባለ ለስላሳ ጨርቅ፣ እንደ ሕፃን ፊት ጥረጊው።
ከወርቅ ጋር አታስተኚው፣ ወርቅ ይቧጭረዋል፤
ላስቲክ ውስጥም አትዝጊበት፣ ውኃ ይጠማዋል።
አትስቀዪው ደግሞ። አጋድሚው። ክሩ ይረዝማል።"

አንድ ቀን በጣቱ እየዳበሰ ሐር ክር ሲሰካ አየሁት፤
በየሉሉ መሃል ቋጠሮ፣
"ለምን?" አልኩት።
"ቢበጠስ፣ አንዱ ብቻ ይወድቃል፣
ሌላው ይቀራል ታስሮ።"
እኛም ቤት ሰባት ነን።
ተንከባልዬ የወደቅሁት እኔ ነኝ።
አልነገርኩትም።

ከዚያ በአንድ ማታ
የሟች ሚስቱን ሀብል ከትራሱ ሥር አወጣ፤
"አንድ በአንድ" አለኝ። ሃያ ሁለቱ ሻከሩኝ።
ሃያ ሦስተኛው ላይ ጣጣ መጣ።
ሙልጭ።
መሃለኛው፣ ትልቁ፣ ከሁሉ የሚያምረው።
ዝም ብል በሰላም ያድራል፤ በስተርጅና ልቡን ልስበረው?
ደግሜ አሸሁት። ሙልጭ።

"ይኼ… ውሸት ነው" አልኩት።
ሳቀ፤ ድዱ ታየኝ። "አውቃለሁ። እኔ ነኝ የተካሁት።
ክፉ ቀን ነበር፤ እውነተኛውን ሸጬ ዕዳዬን ከፈልሁ፤
እሷ እስክትሞት አደረገችው፣ እኔ እስክትሞት ዝም አልሁ።
ዛሬ ሉሉን አይደለም፣ ጥርሱን ነው የፈተንሁ።"

ያኔ ነው ያመለጠኝ፦
"ፓስፖርቴ ፋጡማ ይላል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ይላል፤
ደላላው ነው የቀባው። ስሜ ሌላ ነው፣ ዕድሜዬም ያንሳል።
አትጠገብ ነኝ።"

ዝም አለ። ከዚያ ስሜን በባዶ ድዱ መሃል
ቀስ አድርጎ አሸው፤ "አት… አት… ጠ…" ይላል፤
ጠ ላይ ምላሱ ተደናቀፈች፣ እንደገና ሞከረ፤
"እውነት ነው" አለ በመጨረሻ።
"ሻከረ።"